ፓምፑ ይሙት፣ ዓሣው ይኑር

ሌሊቱን ሙሉ ስልኬ «ሙሉ» ሲል አደረ። በ7 ሰዓት ሙሉ፤ በ8 ሰዓት ሙሉ፤ በ9 ሰዓት ሙሉ። ማለዳ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ጋቢዬን ደርቤ ወደ ጓሮ ስወጣ ግን ሲሚንቶው ከዳር እስከ ዳር ረጥቧል፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል፣ 500 ሊትር በሚይዘው ሮቶ ውስጥ የቀረው ውሃ ከጉልበቴ በታች ነው። ሠላሳዎቹ ቆሮሶዎች አንድ ጥግ ተፋፍገው አፋቸውን ከውሃው በላይ ያላውሳሉ። ስልኬ ኪሴ ውስጥ እንደገና ነዘረ። አውጥቼ አየሁት፦ «ሙሉ»።

ያቺ ቃል ከዚያን ቀን ጀምሮ አልለቀቀችኝም።

ነገሩን ከመነሻው ላስረዳ። ዓሣና አትክልት በአንድ ውሃ የሚያድጉበት አሠራር አኳፖኒክስ ይባላል። ዓሣው ከበላው ምግብ የሚተርፈውን ናይትሮጅን ይበልጡን በሚተነፍስበት በስንጥቡ በኩል አሞኒያ አድርጎ ያስወጣዋል። አሞኒያ ለራሱ ለዓሣው መርዝ ነው። ድንጋይ ላይ ተለጥፈው የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ግን መጀመሪያ ናይትራይት፣ ቀጥሎ ናይትሬት ያደርጉታል፤ ናይትሬት ደግሞ ለቆስጣና ለሰላጣ እንጀራ ነው። እነዚህን ባክቴሪያዎች እ.ኤ.አ. በ1890 ገደማ ዙሪክ ተቀምጦ ነጥሎ ያወጣቸው ሩሲያዊው ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ ነበር። ሥራው የሁለት ወገኖች ቅብብሎሽ ነው ተብሎ ከመቶ ዓመት በላይ ከታመነ በኋላ፣ በ2015 ሁለቱንም እርከን ብቻውን የሚጨርስ ባክቴሪያ መኖሩ ታወቀ። የሳይንስ ሰዎች ይህን የሚያህል ነገር ለመቶ ዓመት ካመለጣቸው፣ እኔን የአንድ ሌሊት ውሃ ቢያመልጠኝ አይፈረድብኝም እያልኩ እጽናናለሁ።

የእኔው ጓሮ ውስጥ ያለው ይህ ነው፦ አናቱ የተቆረጠ ሮቶ፤ ከጎኑ በብሎኬት ላይ የተቀመጠ፣ ውስጡ ፕላስቲክ የለበሰ የጣውላ ሳጥን፤ ሳጥኑ ውስጥ ግንበኞች ሬድ አሽ የሚሉት ቀይ ቀላል ድንጋይ፤ ድንጋዩ ላይ ሰላጣ፣ ቆስጣና ናና። ፓምፕ ውሃውን ከሮቶው ወደ ሳጥኑ ይገፋል። ሳጥኑ ልኩ ላይ ሲደርስ መሐሉ የቆመው ሲፎን ባንድ ትንፋሽ ጠጥቶ ወደ ሮቶው ይመልሰዋል። ውሃው ከላይ መውደቁ ለጌጥ አይደለም። የዚህ ሥራ መጻሕፍት በአብዛኛው የቆላና የባሕር ዳርቻ ሰው ያሰቡ ናቸው፤ 20 ዲግሪ ሙቀት ያለው ውሃ በባሕር ወለል ላይ በሊትር 9 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ሊይዝ ይችላል፣ አዲስ አበባ ግን 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች 7 ያህል ቢይዝ ነው። ስለዚህ እኛ ዘንድ ውሃው ከፍ ካለ ቦታ እየወደቀ አየር ይዞ መግባት አለበት። ብርዱም ሌላ ጣጣ ነው። ቆሮሶ የጣናና የዝዋይ፣ የሐዋሳና የጫሞ ዓሣ ነው፤ 28 ዲግሪ አካባቢ ሲያገኝ ነው ደስ የሚለው፤ እኔ የማቀርብለት 19 ነው። ሌሊት ውሃው በቀዘቀዘው ድንጋይ ውስጥ ሲመላለስ ይብስ ስለሚቀዘቅዝ፣ ቀን ያለማቋረጥ የሚሠራው ፓምፕ ሌሊት በየሰዓቱ 15 ደቂቃ ብቻ እንዲነሳ አደረግኩ።

ይህን ሁሉ ሰው ቆሞ ቢጠብቀው ሴንሰርም ባላስፈለገ። ሰው ግን ሥራ ይሄዳል፣ ለቅሶ ይደርሳል፣ ይተኛል። መርካቶ ወርጄ ሁለት ክብ ዓይን ያለው የድምፅ ሴንሰርና ዋይፋይ ያላት ጣት የምታክል ቦርድ ገዛሁ። ነጋዴው «ለመኪና ፓርኪንግ ነው?» አለኝ። «ለዓሣ ነው» ስለው ሳቀብኝ።

ሴንሰርን «ዳሳሽ» ብለው የተረጎሙት ሰዎች የሚያስቡትን ያውቁ ኖሯል። መዳሰስ የጨለማ ሥራ ነው፤ መብራት የጠፋበት ሰው ነው ክብሪት ፍለጋ ግድግዳውን የሚዳስሰው። የእኔው ዳሳሽ ከሮቶው አፍ ላይ ተሰቅሎ፣ የሰው ጆሮ የማይሰማውን፣ በሰከንድ 40 ሺህ ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ ወደ ታች ይልክና ማሚቶውን ይጠብቃል። ድምፁ አንዲት ሴንቲ ሜትር ሄዶ ለመመለስ 58 ማይክሮ ሰከንድ ይፈጅበታል። ቦርዷ የቆየበትን ጊዜ ትቆጥርና ለ58 ታካፍለዋለች። በዚህ ስሌት ውስጥ ውሃ የሚባል ነገር የትም ቦታ የለም። ያለው ጊዜ ብቻ ነው። ርቀቱ ወደ 12 ሴንቲ ሜትር ሲጠጋ «ሙሉ» በይ፣ ከ50 ሲበልጥ ፓምፑን አጥፊ ብዬ የጻፍኩላት እኔ ነኝ። ሌሊቱን ሙሉ ስልኬ ላይ ስትመላለስ ያደረችው ቃል እንግዲህ የራሴው ነበረች፤ ከወር በፊት ሶፋ ላይ ተቀምጬ፣ ቡና እየጠጣሁ የተናገርኳት።

የሆነው እንዲህ ነው። ናናዋ ሥሯን በሬድ አሹ መሐል አሾልካ ሲፎኑ ውስጥ ከተተችው። (ናና ለመትከል የሚያስቡ ለብቻዋ በጣሳ ይትከሏት፤ ጎረቤት አትችልም።) ሳጥኑ መመለስ ስላቃተው ሞልቶ በጠርዙ ፈሰሰ። በዚያው ሌሊት በጥቅምት ብርድ፣ ከሮቶው የሚነሳው እንፋሎት ቀዝቃዛው ሴንሰር ላይ ጤዛ ሆኖ ተቀመጠ፤ ድምፁም ከጤዛው አላለፈም። 4 ሴንቲ ሜትር። 12 ሙሉ ከሆነ 4ማ ምን ይባላል? ቦርዷ እንዳዘዝኳት በየሰዓቱ ፓምፑን አስነሳች፤ በየዙሩ 125 ሊትር ያህል ወደ ሲሚንቶው ሄደ። በሦስተኛው ዙር የሚሳበው ውሃ አለቀ፤ ፓምፑ ባዶውን ሲጮህ ቆይቶ ተቃጠለ።

ድሮ ነገሥታቱ የአገሩን ልብ ማወቅ ሲሹ «እረኛ ምን አለ?» ብለው ያስጠይቁ ነበር ይባላል። መኳንንቱ የሚናገሩት ጆሮ የሚወደውን ነው። እረኛው ግን ከብቶቹን ይዞ ተራራ ላይ የሚያዜመው ማንም ስላልጠየቀው ነው፤ የሰማውን፣ የከፋውን፣ ቤት ውስጥ ሲንሾካሾክ ያደረውን ሁሉ አብሮ ያወጣዋል። የእኔዋ ቦርድ ከአርዱይኖ ወገን ናት። አርዱይኖ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2005 ጣሊያን ውስጥ ኢቭሬያ በምትባል ከተማ፣ ሠሪዎቹ ከሚያዘወትሩት መጠጥ ቤት ነው፤ መጠጥ ቤቱ ደግሞ ከሺህ ዓመት በፊት ከነገሠ ከአርዱይኖ ንጉሥ። ስሙን ካየን እንግዲህ ጓሮዬ ውስጥ አንድ ትንሽ ንጉሥ ተቀምጦ በየሰከንዱ «እረኛ ምን አለ?» ይላል። ችግሩ ያቆምኩለት እረኛ ማዜም የማይችል መሆኑ ነው። የተጠየቃትን አንዲት ጥያቄ ይመልሳል። ሲሚንቶው ረጥቧል፣ የሲፎኑ ድምፅ ከመጣ ሁለት ሰዓት ሆኖታል፣ ዛሬ ሌሊት ዓይኔ ላይ አንድ ነገር ተቀምጧል አይልም። እነዚህን ለመናገር መጠየቅ ነበረበት፤ እኔ ደግሞ የምጠይቀው አስቀድሞ የፈራሁትን ብቻ ነው። ናናን አልፈራሁም ነበር።

እውነት ለመናገር እረኛው በራሱ መንገድ ተናግሯል፤ የሚሰማው ግን አልነበረም። ጠዋት የሌሊቱን መዝገብ ከፍቼ ሳየው፣ ከዚያ በፊት በነበሩት ሌሊቶች ቁጥሩ 12፣ 13፣ 12፣ 14 እያለ ይዋልላል። ዓሣ ሲገላበጥ፣ ሲፎኑ ሲለቅ፣ ውሃው ይነቃነቃላ። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ40 በኋላ ግን 4፣ 4፣ 4፣ 4 ብቻ። እኔ የተረጋጋ ቁጥር ሳይ ደስ የሚለኝ ሰው ነበርኩ፤ እንዲያውም መጀመሪያ ሰሞን መዋለሉ አበሳጭቶኝ ለማስተካከል ሁለት ቀን ደክሜያለሁ። ዛሬ ቦርዷ ለ20 ደቂቃ ምንም ያልተለወጠ ቁጥር ካየች ፓምፑን አጥፍታ እንድትጠራኝ ጽፌላታለሁ።

ስለ መዋለል ካነሳን አንድ ሌላ ነገር አለ፤ ከዚህ ሁሉ ሥራ ውስጥ ደጋግሜ የማስበው እሱን ነው። መጀመሪያ ፓምፑን የማጠፋበትም የማስነሳበትም ልክ አንድ ነበር፦ 50 ሴንቲ ሜትር። ውሃው እዚያ ሲደርስ በእያንዳንዷ ሞገድ ከመስመሩ በላይና በታች ስለሚል ፓምፑን የምታበራና የምታጠፋው ማብሪያ፣ ሪሌዋ፣ ጣ ጣ ጣ ጣ ማለት ጀመረች። ባለቤቴ ከኩሽና ወጥታ «ይኼ ነገር ጥርሱን ያፋጫል» አለች። መድኃኒቱ የታወቀ ነው፤ አንዱን መስመር ሁለት ማድረግ። 50 ሲደርስ አጥፊ፣ ወደ 42 ሳይመለስ ግን እንዳታስነሺ። ማፋጨቱ ወዲያው ቆመ። አሁን ውሃው 46 ላይ ቢሆን ፓምፑ ይሠራል ወይስ አይሠራም? ከላይ እየቀነሰ መጥቶ ከሆነ ይሠራል፤ ከታች እየሞላ መጥቶ ከሆነ አይሠራም። ውሃው ያው ነው፣ ቁጥሩም ያው ነው፣ መልሱ ግን ከየት እንደመጣ ይለያያል። አንዲት ሪሌ እንኳ እንዳትቃዥ ትናንትናዋ ያስፈልጋታል። ከዚህ በፊት «አቋሙን አይለውጥም» እያልኩ የማማቸውን ሁለት ሦስት ሰዎች በሌላ ዓይን ማየት የጀመርኩት ያን ሰሞን ነው።

ደግሞም ሌት ተቀን የማስጠብቀው የውሃው ከፍታ ከሚያሰጉኝ ነገሮች ትንሹ ነው። የሚያሰጋኝ አሞኒያው ነው። እሱን ቀንና ሌሊት የሚለካ መሣሪያ ለእኔ ቢጤ አቅም አይቀመስም፤ በሳምንት አንዴ በብልቃጥ ጠብታ እያንጠባጠብኩ ውሃው ቢጫ ይሁን አረንጓዴ በዓይኔ አያለሁ። ይኸው አሞኒያ እንኳ በልኩ ብቻ አይታመንም፤ የውሃው ፒኤች ከ7 ወደ 8 ሲወጣ መርዛማው ክፍል በአሥር እጥፍ ገደማ ያድጋል፣ ሙቀቱ ሲጨምርም ይብሳል። ትናንት ያልገደለ መጠን ዛሬ ሊገድል ይችላል ማለት ነው። እኔ ግን ከፍታው ርካሽ ሴንሰር ስላለው ከፍታውን አስጠበቅኩ፤ ከዚያም ስልኬ «ሙሉ» ባለ ቁጥር ዓሦቹ ደኅና ናቸው ብዬ መተኛት ለመድኩ። ማንም አላታለለኝም። ርካሹ ጥያቄ ቀስ በቀስ የዋናውን ቦታ ያዘ እንጂ።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት እስክንድርያ ውስጥ ክቴሲቢዮስ የሚባል የጸጉር አስተካካይ ልጅ ነበር። ሰዓት የሚቆጥር የውሃ ዕቃ ሲሠራ ችግሩ ይህ ነበር፦ ውሃው ሲጎድል ግፊቱ ይቀንሳል፣ ግፊቱ ሲቀንስ ሰዓቱ ይዘገያል። እሱም ተንሳፋፊ አደረገበት። ውሃው ከፍ ሲል ተንሳፋፊው ተነስቶ የሚገባውን ይዘጋል፤ ሲወርድ ወርዶ ይከፍታል። ዛሬ በየቤቱ ሮቶ አናት ላይና በየሽንት ቤቱ ማጠራቀሚያ ውስጥ ያለው ኳስ የዚያ ልጅ ነው። ተንሳፋፊ ስለ ውሃው አይነገረውም። ውሃው ራሱ ያነሳዋል፣ ውሃው ራሱ ይጥለዋል። በመሐላቸው ቃል ስለሌለ የሚሳሳት ቃል የለም። ተንሳፋፊም ይጣበቃል፣ ዝገት ይይዘዋል፣ ሲፎንም እንደኔው በሥር ይታነቃል፤ የማይበላሽ ነው እያልኩ አይደለም። ሲበላሽ ግን «ሙሉ» እያለ አያድርም።

ታዲያ ዓሦቹ እንዴት ተረፉ? በሴንሰሩ አይደለም፤ በእኔም አይደለም። በይሉኝታ ነው።

ቧንቧውን የሠሩልኝ ዕድሜያቸው ከ60 ያለፈ ሰው ናቸው። ሥራውን ጨርሰው እጃቸውን እየታጠቡ «ፓምፑን እንዲሁ ከታች ልታስቀምጠው ነው?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ። ሴንሰር አለው፤ ውሃው ሲቀንስ ራሱ ያጠፋዋል።»

«መብራት ሲሄድስ?»

«ፓምፑም አብሮ ይጠፋል።»

«ሲመጣስ?»

መልስ አልነበረኝም። «ባልዲ አምጣ» አሉ። ቁመቱ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነ የፕላስቲክ ባልዲ ሮቶው ታች አስቀመጡና ፓምፑን ባልዲው ውስጥ ከተቱት። «ይኸው። ውሃው ከባልዲው አፍ ከወረደ ወደ ፓምፑ የሚገባበት የለውም። ሌላው ለዓሣው ይቀራል።»

«ጋሼ፣ እንደሱ ከሆነ ፓምፑ ባዶ ይሠራና ይቃጠላል እኮ!»

«ይቃጠላ! ፓምፑ ይሙት፣ ዓሣው ይኑር። ፓምፕ እንደሆነ መርካቶ ሞልቷል።»

የሮቶዬን መልክ አበላሹብኝ ብዬ ነበር። እሳቸው ሲሄዱ ላወጣው አስቤ፣ ለሌላ ሥራ ሲመለሱ ቢያዩ ይቀየሙኛል ብዬ ተውኩት። ያን ሌሊት ውሃው ባልዲው አፍ ላይ ደርሶ ቆመ።

እኔም እኮ በበኩሌ ተመሳሳይ ምርጫ ገጥሞኝ ነበር። ሪሌ ሁለት መንገድ አላት፤ ቦርዷ ስትሞት ፓምፑ እንዲቆም አድርገህ ልታያይዘው ትችላለህ፣ ወይም ቦርዷ ስትሞት ፓምፑ እንዲቀጥል። ኤሌክትሪሻኖች ኖርማሊ ኦፕንና ኖርማሊ ክሎዝድ ይሏቸዋል። በአንደኛው ዓሣው አየር አጥቶ ይሞታል፤ በሁለተኛው ቤቱ በውሃ ሊጥለቀለቅ ይችላል። ሁለተኛውን መረጥኩ፤ ስመርጥ ግን ኮምፒውተር ፊት ተቀምጬ ሥዕል እያየሁ እንጂ ምን እየወሰንኩ እንደሆነ አልተሰማኝም። ጋሼ ግን ጮክ ብለው ተናገሩት። ማን እንደሚሞት፣ ማን እንደሚኖር፣ ምትክ የሚገኝለት የትኛው እንደሆነ፣ ባልዲ ይዘው ቆመው። አንድን ነገር ራሱን በራሱ እንዲሠራ ማድረግ ዳኝነትን ማስቀረት ይመስለኝ ነበር። ዳኝነቱ አለ፤ ቀኑ ብቻ ነው ቀድሞ የመጣው። ቀድሞ ስለመጣም ማንም ባልተጨነቀበት፣ ማንም ባልሞተበት ሰዓት፣ ቡና እየተጠጣ ያልፋል።

ይህን ተረድቼም ሌላ ጥፋት ከመሥራት አልዳንኩም። ውሃ ይተናል፣ ቆስጣውም ይጠጣል፤ ስለዚህ ሮቶው ሲጎድል ከቤቱ ማጠራቀሚያ ራሱ እየከፈተ የሚሞላ ቧንቧ ገጠምኩ። ውሃ የሚመጣልን በፈረቃ መሆኑን ለቦርዷ አልነገርኳትም። አንድ ሐሙስ ባለቤቴ ወጥ ልትሠራ ቧንቧ ስትከፍት አየር ብቻ ነፋባት። «ዓሦቹ ጠጥተውታል» አለችኝ፤ ሌላ አልጨመረችም፤ መጨመርም አያስፈልጋትም ነበር። በዚያ ላይ የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለው፤ ዓሣውንም ባክቴሪያዎቹንም ይጎዳል፤ ቢያንስ አንድ ቀን በክፍት ዕቃ ማደር ነበረበት።

በደጋው አገር ወንዝ ጠልፈው በመስኖ የሚያርሱ ሰዎች የውሃ አባት ይሾማሉ፤ ትግራይ ውስጥ አቦ ማይ ይሉታል። የሚመርጡት ራሳቸው ተጠቃሚዎቹ ናቸው፤ ተራ ይደለድላል፣ ቦዩ እንዲጠረግ ያዝዛል፣ ሲጣሉ ይዳኛል። ተራ መቁጠሩን ቦርዴም ትችለዋለች፤ ከሰውም ትበልጣለች፣ አታዳላም፣ ጉቦ አትበላም። የሚከብደው ሌላው ነው። ለቅሶ ላይ ሆኖ ተራው ያለፈበት ሰው ሲመጣ ከማን ቀንሶ ለማን ይስጥ? ቡቃያው ዛሬ ካልጠጣ የሚሞትበትና ነገም ቢጠጣ የሚደርስለት እኩል ናቸው? የውሃ አባት ይህን የሚፈርደው ሁሉንም ስለሚያውቅ አይደለም። የእሱም ማሳ ከዚያው ቦይ ነው የሚጠጣው፤ ሲያጠፋ የሚጮኹበት ደጁ ድረስ መጥተው ነው። ቦርዴ ግን ጠምቷት አያውቅም። ባለቤቴም ልትጮህባት አትችልም፤ እኔ ላይ ነው የምትጮኸው፤ ልክም ናት። ቧንቧውን ነቀልኩት። አሁን ሁለት ጄሪካን ክዳናቸውን ከፍቼ አሳድርና ማታ ማታ በእጄ እጨምራለሁ፤ ውሃ በጠፋ ሳምንት ቆስጣው ይጠወልጋል።

ሴንሰሩን ግን አልጣልኩትም። ጤዛ እንዳይይዘው ትንሽ ጣራ ሠራሁለት፤ ከአጠገቡም ባለ ተንሳፋፊ ማብሪያ ማጥፊያ ጨመርኩ፤ ሁለቱ ካልተስማሙ ፓምፑ አይነሳም። ጋሼ መጥተው አዩትና «ይኼማ የሽንት ቤቱ ኳስ ነው» ብለው ሳቁ። አዲሱም ፓምፕ ባልዲው ውስጥ ነው።

ባልዲው አንድ ጉድለት አለው፤ ፓምፑ ከታች የሚተኛውን ቆሻሻ እንዳይስብ ይከለክለዋል። ስለዚህ በየቅዳሜው ጠዋት ሱሪዬን ሰብስቤ፣ ጎማውን ሮቶው ውስጥ ነክሬ በአፌ እስባለሁ። አንዳንዴ እዘገይና ያ ጥቁር ውሃ ምላሴ ላይ ይደርሳል። ከዚያ ጎማውን ወደ ጌሾው ሥር እለቅና እጄን እስከ ክንዴ አስገብቼ ወለሉን እጠርጋለሁ። ቆሮሶዎቹ መጀመሪያ ይሸሻሉ፤ ትንሽ ቆይተው ይመጡና የክንዴን ጸጉር ይጎነትላሉ፤ ትልቁ ደፋር ነው፣ ጣቴን ይነክሳል። ያኔ ኪሴ ውስጥ ስልኬ ይነዝራል፦ «ውሃ እየቀነሰ ነው»። እጄ ርጥብ ስለሆነ ዝም ላሰኘው አልችልም።